የቫዮሊን ክፍላችንን ለዘጋችሁ ኃላፊዎች፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የትምህርት ቤታችን የቦርድ አባላትና የአስተዳደር ኃላፊዎች፣

ጉዳዩ፦ የቫዮሊን ክፍሉን መዘጋት ይመለከታል

በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፋችሁትን ውሳኔ አንብበነዋል። አንድ ገጽ እንኳን አይሞላም። ከሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ጀምሮ የቫዮሊን ክፍሉ ይዘጋል፣ ቦታው የኪቦርድ ክፍል ይሆናል፣ ቫዮሊኖቹም "ከአገልግሎት ውጭ" ተብለው ይወገዳሉ ይላል። ምክንያቶቹም ተጽፈዋል። ቫዮሊን ውድ ነው። ኪቦርድ ይተካዋል። ተማሪዎቹ ቶሎ ውጤት አያሳዩም። ድምፁም ይረብሻል። ከመወሰናችሁ በፊት መምህሩንም፣ ተማሪዎቹንም፣ ወላጆችንም የጠየቀ የለም። በውስጥ ደብዳቤ ማብራሪያ ጠይቀን ነበር፤ መልስ ስላጣን ነው በአደባባይ የምንጽፈው።

የማስታወቂያውን ቅደም ተከተል አልከተልም። ከሁሉም በላይ ካንገበገበን ነገር ልጀምር፤ እሱም መጋዘኑ ነው።

ውሳኔው ከመውጣቱ በፊት የንብረት ቆጠራ ኮሚቴ መጥቶ ነበር። ቫዮሊኖቹን እያነሳ አየ፤ ከአብዛኞቹ አጠገብ "የተሰበረ" ብሎ ጻፈ። እዚያው ቆሜ ነበር፤ አንድም ጥያቄ አልቀረበልኝም። ከ"ተሰበሩት" ብዙዎቹ ግን አልተሰበሩም። የአንዱ ብርኩማ ወድቋል። ብርኩማው ክሮቹን ተሸክሞ የሚቆመው እንጨት ነው፤ በሙጫ አይጣበቅም፣ የሚይዘው የክሮቹ ጫና ብቻ ነው። ክሮቹ ከላሉ ይወድቃል። መልሶ ማቆም የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሌላኛውን ሲያነሱት ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ይንኳኳል። ቆሻሻ አይደለም። በላይኛውና በታችኛው ገበታ መካከል ቆማ ንዝረቱን ወደ ጀርባው የምታደርሰው ቀጭን ዘንግ ናት። እሷ ከወደቀች ድምፁ ይታፈናል። የሚያውቅ ሰው ቦታዋ ላይ ሲያቆማት ይመለሳል።

ሦስተኛው ቫዮሊን ከጎኑ ተላቆ ነበር። ኮሚቴው እሱን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ቫዮሊን ሠሪዎች ገበታውን ከጎኑ ጋር የሚያያይዙት ከእንስሳ ቆዳ በሚሠራ ሙጫ ነው። ሙጫው ሆን ተብሎ ከእንጨቱ ይልቅ ደካማ ይደረጋል። አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ይኮማተራል፤ ያኔ እንጨቱ ከሚሰነጠቅ ሙጫው ይለቃል። መልሶ ማጣበቅም ይቻላል። ቫዮሊን ተከፍቶ፣ ተጠግኖ፣ ተመልሶ የሚዘጋ መሣሪያ ነው፤ ዕድሜው የረዘመውም በዚህ ነው። ቫዮሊን ሠሪው አንድሪያ አማቲ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጣሊያን አገር ክሬሞና ውስጥ ከሠራቸው ቫዮሊኖች ጥቂቶቹ ዛሬም አሉ። የእኛዎቹ ግን በአንድ የእረፍት ወቅት ዕድሜያቸውን ጨረሱ ተባለ።

ለምን ተላቀቁ? መጋዘኑን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ስለሚመታው ነው። ሌላ ቦታ እንዲሰጠን ጠይቀናል። የቀስቶቹ የፈረስ ጭራ ማለቁንም አሳውቀናል። በአንድ ቀስት ላይ 150 ገደማ ጭራ ይወጠራል፤ እኛ ጋ ግማሹ የተበጠሰበት ቀስት ይዞ የሚማር ልጅ አለ። አዲስ ክር የሚገዛበት በጀት "በሚቀጥለው" እየተባለ ሲንከባለል ቆየ። ችላ ብሎ ማስበላሸት፣ ከዚያ ተበላሽቷል ብሎ መዝጋት፤ ቅሬታችን በአጭሩ ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ወደ ኪቦርዱ ልምጣ። ኪቦርድ አንጠላም፤ ክፍሉም ቢከፈት ደስ ይለናል። ችግሩ "ይተካዋል" የሚለው ቃል ላይ ነው። በአንድ ስብሰባ ላይ ከእናንተ አንዱ "እሱ ላይ እኮ የቫዮሊን ድምፅ አለ፣ ቁልፉን መጫን ነው" ብለዋል። እውነት ነው፣ አለ። የሚሰማው ግን ሌላ ሰው የሆነ ቦታ ተጫውቶ የቀዳው ድምፅ ነው። ልጁ ቁልፉን ሲጫን ድምፁ ተሠርቶ ያለቀ ነው።

ቫዮሊን ላይ ያለቀ ነገር የለም። ቀስቱ ላይ የጥድ ሙጫ ይቀባል። ጭራው ክሩን ይይዘውና ይጎትተዋል፤ ክሩ ያመልጣል፤ ጭራው ደግሞ ይይዘዋል። ይህን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጥንቶ ያስረዳው ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄርማን ፎን ሄልምሆልትስ ነው። የ"ላ" ክር ሲመታ ይህ መያዝና ማምለጥ በሰከንድ 440 ጊዜ ይደጋገማል። ቀስቱ ከመጠን በላይ ከተጫነ ድምፁ ይታነቃል፤ ከቀለለ ያፏጫል። ፍጥነቱ፣ ጫናው፣ ከብርኩማው ያለው ርቀት፣ ሁሉም በልጁ ቀኝ እጅ ነው ያለው። ድምፁ ከተጀመረ በኋላም ሊያሳድገው፣ ሊያሳንሰው፣ ሊያስለቅሰው ይችላል። ፒያኖ እንኳን አንዴ ከተመታ በኋላ ያንን ድምፅ ማሳደግ አይችልም።

የግራ እጁ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ጊታር ላይ የጣትን ቦታ የሚወስኑ ብረቶች አሉ። ቫዮሊን ላይ ምንም የለም፤ ጥቁር እንጨት ብቻ ነው። ጣት በጥቂት ሚሊሜትር ከሳተች ድምፁ ይስታል። መሳቱን የሚነግር መብራትም የለም፤ ያለው ጆሮ ነው። ስለዚህ ቫዮሊን የሚማር ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ራሱን ይሰማል፣ ይፈርዳል፣ ያርማል። ማስታወቂያውን የጻፉት ሰዎች ይህንን እንደ ጉድለት ነው የቆጠሩት። ለእኛ ዋናው ትምህርት እሱ ነው።

ያ ባዶ ጥቁር እንጨት ነው ቫዮሊንን በዓለም ዙሪያ ያዞረው። የተለመደው ኪቦርድ በአንድ ኦክታቭ (ከአንድ ድምፅ እስከ ስምንተኛው ድረስ ባለው) ውስጥ አሥራ ሁለት ድምፆች አሉት፤ በመካከላቸው ያለውን አያውቅም። የዓረብ ሙዚቃ በመካከል ባሉት ድምፆች ይኖራል። የካይሮ ታላላቅ የሙዚቃ ጓዶች ቫዮሊንን ደርድረው የተጫወቱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ደቡብ ሕንድ ውስጥ ሙዚቀኛው ባሉስዋሚ ዲክሺታር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቫዮሊንን ካርናቲክ ወደሚባለው የአካባቢው ሙዚቃ አስገባው። እዚያ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ የመሣሪያውን ጫፍ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አሳርፈው ነው የሚጫወቱት። የሰው ድምፅ የሚያደርገውን ጥምዝምዝ ሁሉ ተከትሎ ይሄዳል። ኖርዌዮች ከዋናዎቹ ክሮች ሥር ሳይነኩ የሚያስተጋቡ ተጨማሪ ክሮች ያሉበት የራሳቸውን ቫዮሊን ሠርተዋል። የአየርላንድ ጭፈራ ያለ ቫዮሊን ምን ሊሆን ይችላል? የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶችና ሮማዎች (ጂፕሲ ሲባሉ የኖሩት ሕዝቦች) ሠርግ ላይ ሙሽራዋን ያስለቀሰው፣ ከዚያም ታዳሚውን ያስጨፈረው ይኸው መሣሪያ ነው። ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ አይበልጥም። አገር ለቅቆ የሚሄድ ሰው ሊይዘው ይችላል፤ ብዙዎችም ይዘውት ተሰድደዋል።

ይህን የምዘረዝረው ለጉራ አይደለም። በስብሰባው ላይ "የሀብታም ልጆች መሣሪያ ነው" የሚል አስተያየት ስለተሰነዘረና ማንም ስላልተቃወመው ነው። ቬኒስ ውስጥ ኦስፔዳሌ ዴላ ፒዬታ የሚባል ለተጣሉ ሕፃናት መጠለያ የሆነ ተቋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1703 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንደዚሁ ናቸው) የሙዚቃ ደራሲውን አንቶኒዮ ቪቫልዲን የቫዮሊን መምህር አድርጎ ቀጠረ። ከአውሮፓ ዙሪያ የመጣ እንግዳ እነዚያን ወላጅ አልባ ሴት ልጆች ለመስማት ይሰለፍ ነበር። ቫዮሊኑን የገዛላቸው ማን ይመስላችኋል? ቬኔዝዌላ ውስጥ ኢኮኖሚስቱና ሙዚቀኛው ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው በ1975 የጀመረው የወጣቶች ኦርኬስትራ ፕሮግራም ለብዙ ድሃ ልጆች መሣሪያ በነጻ አውሷል። ከዚያ ፕሮግራም ቫዮሊን ተምሮ የወጣው ጉስታቮ ዱዳሜል በ2009 የሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ የሙዚቃ ዳይሬክተር ሆነ። ፓራጓይ ውስጥ፣ ካቴውራ በተባለ የቆሻሻ መጣያ ዙሪያ የሚኖሩ ልጆች ደግሞ ከተጣለ ቆርቆሮና እንጨት በተሠራ ቫዮሊን በኦርኬስትራ ተጫውተዋል። ቫዮሊን የሀብታም የሚሆነው የጋራ ክፍሉ ሲዘጋ ነው።

"ውድ ነው" ለሚለው ይህ ግማሽ መልስ ይሆናል። ሌላውን ግማሽ ልጨምር። ቫዮሊን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በዜና የሚሰማውን ዋጋ ነው። በ2011 "ሌዲ ብለንት" የተባለው፣ ዝነኛው ጣሊያናዊ ቫዮሊን ሠሪ ስትራዲቫሪ የሠራው ቫዮሊን በ15.9 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል፤ ገንዘቡ በጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ ሰዎች መርጃ ዋለ። እንዲህ ያለ ነገር ማንም አልጠየቃችሁም። እንዲያውም በ2012 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ልምድ ያላቸው 21 ቫዮሊኒስቶች በደብዛዛ ብርሃን፣ ጥቁር መነጽር አድርገው ስድስት ቫዮሊኖችን ሞከሩ። ሦስቱ አዲስ ነበሩ፤ ሁለቱ የስትራዲቫሪ፣ አንዱ የሌላው ዝነኛ ጣሊያናዊ ሠሪ የጓርኔሪ ሥራ። በብዛት የተመረጠው ከአዲሶቹ አንዱ ሲሆን፣ ከሁሉ ያነሰ የተወደደው ከስትራዲቫሪዎቹ አንዱ ነበር። ለተማሪ በደንብ የተስተካከለ ተራ ቫዮሊን ይበቃል። "በደንብ የተስተካከለ" የሚለው ላይ ግን አንደራደርም።

ስለ መጠኑ የሚናገር ሰውም አላገኘንም። ቫዮሊን ለሁሉም አንድ ልክ አይደለም። ለትንንሾቹ ብዙውን ጊዜ ከአንድ አሥራ ስድስተኛ ይጀምራል፤ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ እያለ እስከ ሙሉው ይደርሳል። እንደ ጫማ ነው፤ ልጁ ሲያድግ ይጠበዋል። አንድ ቤተሰብ ይህን ሁሉ ተራ በተራ ይግዛ ቢባል አይችልም፣ ቢችልም ብክነት ነው። ትምህርት ቤት ግን ከየመጠኑ ጥቂት ካለው ልጆቹ ይቀባበሉታል። አንዱ ሲያድግበት ለሚቀጥለው ይሰጣል፤ ያው ቫዮሊን የስንት ልጅ መጀመሪያ ይሆናል። ስለዚህ ቫዮሊንን በጋራ መያዝ ርካሹ መንገድ ነው። ክፍሉን ስትዘጉ ወጪውን አልቀነሳችሁም፤ ከትምህርት ቤቱ ትከሻ አውርዳችሁ ወላጆች ላይ ጫናችሁት።

ይህ አሠራር እኛ የፈጠርነው አይደለም። ዝነኛው ጣሊያናዊ ቫዮሊኒስት ኒኮሎ ፓጋኒኒ ሲሞት "ካኖኔ" የሚለውን፣ ጓርኔሪ ዴል ጄዙ በ1743 የሠራውን ቫዮሊን ለጄኖቫ ከተማ ተናዘዘ። ከተማዋ እስከ ዛሬ ትጠብቀዋለች፤ አልፎ አልፎም ሰዎች እንዲጫወቱበት ታደርጋለች። ዛሬ በስትራዲቫሪ ከሚጫወቱት ዝነኞች ብዙዎቹ መሣሪያው የራሳቸው አይደለም። ከተቋም ተውሰው ነው።

የመጠኑ ነገር ችላ ሲባል ምን እንደሚመጣ አንድ ጉዳይ ልጥቀስ። አንዲት ተማሪያችን ግማሽ መጠን ያስፈልጋት ነበር። ያለን ግማሽ መጠን "ተሰብሯል" ተብሎ ታሽጎ ተቀመጠ፤ የተላቀቀው ጎኑ ብቻ ነው። ሙሉ መጠን ተሰጣት። ክንዷ አልደረሰም፤ አራተኛ ጣቷ ቦታው ላይ አይደርስም፤ ትከሻዋን ያማት ጀመር። በምዘናው ላይ "ድምፅ ትስታለች" ተብሎ ዝቅተኛ ነጥብ ተሰጣት። ያ ነጥብ ደግሞ ተሰብስቦ "ተማሪዎቹ ቶሎ ውጤት አያሳዩም" ለሚለው ማስረጃ ሆነ። የሳተችው ልጅቷ አይደለችም።

ስለ ውጤት መፍጠን ከተነሣ፣ አዎ፣ ቫዮሊን ቀርፋፋ ነው። ኪቦርድ ላይ አንድ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ንጹሕ ድምፅ ያወጣል። ቫዮሊን ላይ ንጹሕ ድምፅ ራሱ የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ነው። ጃፓናዊው የቫዮሊን መምህር ሺኒቺ ሱዙኪ መላ ሕይወቱን በዚህ ላይ አሳለፈ። ልጅ አፉን የሚፈታው በመስማትና በመደጋገም፣ በቤተሰብ መካከል ነው፤ ሙዚቃንም እንደዚያ ይማር አለ። አፉን የሚፈታን ልጅ በየሦስት ወሩ ፈትኖ "አልተሳካለትም" የሚል ወላጅ አላየንም። እናንተ ግን ለሒሳብና ለቫዮሊን አንድ ዓይነት የምዘና ሰንጠረዥ ነው የላካችሁልን። መቃኘትን የሚመለከት አንድ መስመር እንኳን የለበትም።

በነገራችን ላይ፣ "ቫዮሊን የሚጫወት ልጅ በሒሳብ ይጎብዛል" የሚለውን ክርክር ከእኛ አትጠብቁ። አንዳንድ ወላጆች ደብዳቤው ውስጥ እንዲገባ ፈልገው ነበር፤ አንስታይንም ቫዮሊን ይጫወት ነበር እያሉ። ይጫወት ነበር፣ ይወድድም ነበር። የሚጫወተው ግን ለሒሳብ ብሎ አይመስለኝም። ሙዚቃን በሌላ ነገር ጥቅም ካስመረጥነው፣ ያንን ጥቅም በርካሽ የሚሰጥ ሌላ ነገር ሲመጣ ድጋሚ ይዘጋል።

የረብሻው ቅሬታ ተገቢ ነው። ጀማሪ ቫዮሊን ይጮኻል፤ ከጎን ያለው ክፍል ፈተና ላይ ሲሆን ደግሞ ያሳዝናል። ሰዓቱን መቀየር ይበቃ ነበር፤ አሁንም ይበቃል።

የእናንተ መፍትሔ ግን የጆሮ ማዳመጫ ነው። በዕቅዱ ላይ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ኪቦርድ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ይማራል ይላል። አንዱ ሌላውን አይሰማም ማለት ነው። በአንድ ትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ ከመቶ ገደማ ተጫዋቾች ሠላሳ ያህሉ ቫዮሊኒስቶች ናቸው። አንደኛና ሁለተኛ ተብለው ይከፈላሉ፤ ለሁለት አንድ የኖታ ማስቀመጫ ይጋራሉ። አንዱ ገጽ ሲገልጥ ሌላው መጫወቱን ይቀጥላል። ቀስቶቹ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ከሠላሳው ማንም ለብቻው መሰማት የለበትም፤ ግን አንዱ ቢስት ይታወቃል። የእኛ ትንሽ ቡድንም በዚያው ሕግ ነበር የሚሠራው። ከሰው ጋር ማውራት የሚከብደው አንድ ልጅ ነበረን። በክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ አያውቅም። ሁለተኛ ቫዮሊን መስመር ላይ አጠገቡ ለምትቀመጠው ልጅ ግን ገጽ ይገልጥላት ነበር፤ ስትዘገይ በዓይኑ ይጠብቃት ነበር። አሁን ከቡድን ውጭ ሊሆን ነው። ወላጆቹ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቀውኛል፤ የምላቸው አጣሁ።

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ቫዮሊኖቹን የማስወገዱ ሥራ ዛሬውኑ ይቁም። ከተሸጡ ወይም ከተጣሉ በኋላ የሚደረግ ውይይት ለእኛ ትርጉም የለውም። ዝርዝሩ ውስጥ "የተሰበረ" የተባለውን እያንዳንዱን መሣሪያ የክር መሣሪያ የሚጠግን ባለሙያ ይመልከተው፤ የሚጠገነውና የማይጠገነው በጽሑፍ ተለይቶ ለወላጆችም ይድረስ። እስከዚያው ፀሐይ ከማይመታው ክፍል ይቀመጡ። ቁልፉ በመምህሩና በንብረት ክፍሉ እጅ ይሁን።

የጀመሩት ተማሪዎች እንዲጨርሱ ይፈቀድ። አዲስ ምዝገባ ለጊዜው ይቆም ካላችሁ ባንስማማም እንነጋገራለን፤ ግማሽ መንገድ ላይ ያሉትን ማውረድ ግን በምንም አንቀበልም። ቡድኑ ከክፍል ሰዓት ውጭ የሚለማመድበት ቦታ ይሰጠው።

ለክርና ለቀስት ጭራ የሚሆን፣ ትንሽም ቢሆን ቋሚ የበጀት መስመር ይከፈት። ወላጆች ከፊሉን ለመሸፈን ፈቃደኛ መሆናቸውን በፊርማ አረጋግጠዋል።

ምዘናው በየሦስት ወሩ መሆኑ ቀርቶ በዓመት አንድ ጊዜ ይሁን። የምዘናውን መስፈርት የክር መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ያዘጋጅ። በማይመጥን ቫዮሊን የተፈተነችው ተማሪ ነጥብ ይሰረዝላትና በልኳ ቫዮሊን ዳግም ትፈተን።

የኪቦርዱ ክፍል ይከፈት፤ በሌላ ክፍል።

በመጨረሻም፣ ውሳኔው የተላለፈበት ቃለ ጉባኤ ይገለጥልን፤ ቦርዱም የትምህርት ዘመኑ ከመዘጋቱ በፊት ከመምህሩ፣ ከተማሪዎችና ከወላጆች ተወካዮች ጋር ቀን ቆርጦ ይቀመጥ። መልሱን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የቫዮሊን ክፍሉ መምህር
በክፍሉ ተማሪዎችና በወላጆቻቸው ስም

ግልባጭ፦
ለወላጆች ኮሚቴ
ለሙዚቃ ትምህርት ክፍል ባልደረቦች
ለንብረት ክፍል